ኔቲ ስቲቨንስ፦ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥታ የፆታን ምሥጢር የፈታች መምህርት



ባለፈው ሰሞን አምስት የምንሆን ልጆች የጓደኛችንን እኅት አራስ ልንጠይቅ ወደ ኦቶና ወጥተን ነበር። መቼም አራስ ጥየቃ ባዶ እጅ አይኬድም፤ አዋጥተን የአጥሚት እህልና ትንሽ ቅቤ ይዘናል። ከማዋለጃው ክፍል ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ፣ አጠገባችን ከገጠር የመጡ አንድ ቤተሰብ ነበሩ። ጥቂት ቆይቶ አዋላጇ ብቅ አለችና እናቲቱ በሰላም መገላገሏን፣ የተወለደችውም ሴት ልጅ መሆኗን አበሠረች። ለካስ አራተኛ ሴት ልጅ ኖሯል። አያትየው አንገታቸውን ደፉ። አባትየው ከሰው ተለይቶ ሄዶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ከዘመዶቹ አንዱ ምራቲቱ ወንድ መውለድ እንዳልቻለች፣ ሰውየው ሌላ ቢያገባም የሚፈርድበት እንደሌለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር በጆሯችን ሰማን።

እኛስ ምን አደረግን? ምንም። አምስታችንም የሥነ ሕይወት ትምህርት ተምረናል። አምስታችንም የልጅ ፆታ በምን እንደሚወሰን በፈተና ተጠይቀን መልሰን ነጥብ አግኝተንበታል። ነገር ግን አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም። ወደ ግቢያችን ስንመለስ ነገሩ ሲቆጠቁጠን አመሸ። ያን ጊዜ ነው ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያውን ጥርት ያለ መልስ የሰጠችውን ሴት ታሪክ ለአንባብያን ለማቅረብ የወሰንነው። የመረጥናትም በዝናዋ ብቻ አይደለም። ይህች ሴት እንደ እኛው የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ፣ ኋላም ዓመታት የፈጀች አስተማሪ ስለ ነበረች ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአናጢው ልጅ

ኔቲ ማሪያ ስቲቨንስ የተወለደችው ጁላይ 7 ቀን 1861 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ፣ በቬርሞንት ግዛት ካቨንዲሽ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ዘመኑ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የፈነዳበት ዓመት ነበር። እናቷ ገና ሕፃን ሳለች ስለ ሞቱባት በእናት እጅ አላደገችም። አባቷ ኤፍሬም ስቲቨንስ በአናጢነት ሙያ የሚተዳደሩ ሰው ሲሆኑ፣ ሌላ ሚስት አግብተው ቤተሰቡን ወደ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዌስትፎርድ ወደምትባል ከተማ አዛወሩ። ኔቲና ታናሽ እኅቷ ኤማ ያደጉትም የተማሩትም በዚያው ነው።

አናጢው ባለጸጋ አልነበሩም፤ ሆኖም ሁለቱንም ሴቶች ልጆቻቸውን አስተማሩ። በዚያ ዘመን በአሜሪካም ቢሆን ለሴት ልጅ ትምህርት ማብዛት እንደ ትርፍ ነገር የሚቆጠርበት ቤት ብዙ ነበር። ተምራም ብትጨርስ ከፊቷ ያሉት በሮች ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነዚያም ዋነኛው ማስተማር ነው። ኔቲ በ1880 ዓ.ም. የዌስትፎርድን ትምህርት ቤት ጨርሳ በኒው ሃምፕሺር ግዛት ሌባነን በምትባል ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ሆነች። ያስተማረችውም አንድ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ የሰውነትን አሠራር፣ የእንስሳትን ጥናት፣ ሒሳብን፣ ላቲንንና እንግሊዝኛን ጭምር ነው። በገጠር ትምህርት ቤት መምህር ሲያጥር አንዱ ሰው የሁሉንም ጠመኔ እንዴት እንደሚይዝ ለእኛ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው!

ጥቂት እንዳስተማረች ግን ዕውቀቷ አልበቃት አለ። በ1881 ዓ.ም. ዌስትፊልድ ወደሚባለው የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ገባች። ይህ ተቋም በአሜሪካ ከተከፈቱት ቀደምት የመምህራን ማሠልጠኛዎች አንዱ ነው። ኔቲ የአራት ዓመቱን ትምህርት በሁለት ዓመት አጠናቅቃ በ1883 ዓ.ም. ወጣች፤ በውጤትም ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ታላቅ ግኝት ላይ የደረሰችው ሴት የመጀመሪያ የሙያ ወረቀቷ እኛ ነገ የምንቀበለው ዓይነት የማስተማሪያ ምስክር ወረቀት ነበር።

በ35 ዓመት ተማሪ

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪኳ ለብዙ ዓመታት ጸጥ ያለ ነው። አስተማረች፤ በቤተ መጻሕፍትም ሠራች፤ ከደመወዟም ቆጠበች። ዓመት ዓመትን እየወለደ ሠላሳ ዓመት አለፋት። በዚያ ዕድሜ ብዙ ሰው ኑሮዬ ይኸው ነው ብሎ ይቀመጣል። ኔቲ ግን በ1896 ዓ.ም.፣ በ35 ዓመቷ፣ ሻንጣዋን ሸክፋ ከአገሪቱ ምሥራቅ ጫፍ ወደ ምዕራብ ጫፍ፣ ወደ ካሊፎርኒያ ተጓዘች። የገባችበት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሩን ከከፈተ ገና አምስት ዓመቱ ነበር።

በክፍሉ ውስጥ ከጎኗ የሚቀመጡት ያስተማረቻቸውን ልጆች የሚያካክሉ ወጣቶች ናቸው። እሷ ግን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። በ1899 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪዋን፣ በዓመቱም በ1900 ሁለተኛ ዲግሪዋን አገኘች። ሌላው ተማሪ ለዕረፍት ሲበተን እሷ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር በሚገኘው ቤተ ሙከራ ክረምቱን በማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ታሳልፍ ነበር። በዚያም ባለ አንድ ሴል የሆኑ ጥቃቅን ፍጡራንን አጥንታ የመጀመሪያ ጽሑፏን አወጣች፤ ካገኘቻቸው አዳዲስ ዝርያዎች አንዱንም ባስተማራት መምህር በማክፋርላንድ ስም ሰየመችው።

ቀጥላ በፔንሲልቬኒያ ወደሚገኘው ብሪን ማር ወደተባለው የሴቶች ኮሌጅ ገባች። ኮሌጁ ትንሽ ቢሆንም በሥነ ሕይወት ትምህርት ስሙ የታወቀ ነበር። ቀድሞ ኤድመንድ ዊልሰን፣ ከእሱም በኋላ ቶማስ ሞርጋን የሚባሉ ታላላቅ ሊቃውንት አስተምረውበታል። ኔቲ የሞርጋን ተማሪ ሆነች። ጉብዝናዋ ስለ ታወቀ ወደ አውሮፓ ለመሄድ የሚያበቃ ድጋፍ አገኘች፤ በኢጣልያ ኔፕልስ ባለው የባሕር እንስሳት ጥናት ጣቢያ፣ እንዲሁም በጀርመን ዉርትስቡርግ በቴዎዶር ቦቬሪ ዘንድ ሠራች። ቦቬሪ በዚያን ጊዜ በሴል ውስጥ ያሉት ክሮሞሶሞች የዘር ውርስ ተሸካሚዎች ናቸው የሚለውን ሐሳብ በሙከራ እያጠናከረ የነበረ ሰው ነው። በ1903 ዓ.ም. ኔቲ የዶክትሬት ዲግሪዋን ተቀበለች። ዕድሜዋ ወደ 42 ተጠግቶ ነበር።

ጥያቄው ምን ነበር?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የሚወለደው ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ ያለ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረው የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ነገሩን ከሙቀትና ከቅዝቃዜ ጋር አያይዞት ነበር። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከመጀመሪያ ሚስቱ የተረፈችለት ልጅ አንዲት ሴት ብቻ በመሆኗ፣ ወንድ ወራሽ ፍለጋ ትዳሩንም ከሮማ ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበረውን አንድነትም በ1530ዎቹ አፈረሰ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ እንኳ በሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ የተጻፈው ፆታ በምግብ ብዛትና ማነስ፣ በአካባቢ ሁኔታ ይወሰናል የሚል ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ምግቡም ሙቀቱም በእናት ማኅፀን ውስጥ ያለ ነገር በመሆኑ፣ ጥፋቱ ዞሮ ዞሮ በእናት ላይ ይወድቃል።

በሌላ በኩል በማይክሮስኮፕ የሚሠሩ ሰዎች አንድ እንግዳ ነገር እያዩ ነበር። ክሮሞሶም ማለት በሴል አስኳል ውስጥ ያለ፣ ቀለም ሲነከር ጎልቶ የሚታይ፣ ሴሉ ሲከፈል እንደ ክር ቁራጭ የሚሆን አካል ነው። ሄርማን ሄንኪንግ የተባለ ጀርመናዊ በ1891 ዓ.ም. በአንድ የነፍሳት ዝርያ የወንዱ ዘር ውስጥ ከሌሎቹ ተነጥሎ የሚሄድ አንድ አካል አየ፤ ምን እንደ ሆነ ግን አላወቀም። ከአሥር ዓመት በኋላ ክላረንስ ማክለንግ የተባለ አሜሪካዊ ይህ አካል ከፆታ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም አለ፤ ነገር ግን ወንድነትን የሚሰጥ ተጨማሪ ክሮሞሶም ነው ብሎ ስለ ገመተ መንገዱን ሳተ። የጎደለው ነገር የወንዱንም የሴቷንም ሴል ጎን ለጎን አድርጎ በትዕግሥት መቁጠር ነበር።

የዱቄት ትሏ

ኔቲ ስቲቨንስ ከ1904 እስከ 1905 ዓ.ም. ከካርኔጊ ተቋም ባገኘችው ድጋፍ ሙሉ ጊዜዋን ለዚህ ሥራ ሰጠች። ብዙ ነፍሳትን መርምራለች፤ ትልቁን ፍሬ የሰጠችው ግን የዱቄት ትል ናት። ይህች በተከማቸ ዱቄትና ገለባ ውስጥ የምትፈላ፣ ስታድግ ጥቁር ጥንዚዛ የምትሆን ፍጥረት ናት። ጎተራችንን ከሚፈጀው ነቀዝ ጋርም የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። ማንም ሰው ሲያያት አራግፎ የሚጥላት ትል ናት እንግዲህ።

ሥራው አድካሚ ነው። የነፍሳቱን የዘር ዕጢ አውጥቶ በመድኃኒት ማድረቅ፣ እንደ ወረቀት ሳስቶ እስኪያሳልፍ ድረስ መቆራረጥ፣ ቀለም መንከር፣ ከዚያም በማይክሮስኮፕ እያዩ እያንዳንዷን ክሮሞሶም መቁጠርና በእጅ መሣል ይጠይቃል። አንዱን ቆጥሮ መተው የለም፤ ደግሞ ደጋግሞ መቁጠር ነው።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። በሴቷ ጥንዚዛ ሴል ውስጥ 20 ትላልቅ ክሮሞሶሞች አሉ። በወንዱ ሴል ውስጥም ቁጥሩ 20 ነው፤ ነገር ግን 19ኙ ትላልቅ ሲሆኑ አንዷ በጣም ትንሽ ናት። ታዲያ ከዚህ በኋላ ያለው የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። የዘር ሴል ሲሠራ ክሮሞሶሞቹ ለሁለት ይካፈላሉ። የሴቷ እንቁላሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ 10 ትላልቅ ይይዛል። የወንዱ ዘር ግን ሁለት ዓይነት ነው። ግማሹ 10 ትላልቅ፣ ግማሹ ደግሞ 9 ትላልቅና 1 ትንሽ ይይዛል። የመጀመሪያው ዓይነት ከእንቁላል ጋር ሲገናኝ 20 ትላልቅ ይሆንና ሴት ይወለዳል። ሁለተኛው ሲገናኝ 19 ትላልቅና 1 ትንሽ ይሆንና ወንድ ይወለዳል። በዚች ጥንዚዛ ፆታን የሚለየው እንቁላሉ አይደለም፤ የአባትየው ዘር ነው።

ይህ በ1905 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። በዚያው ዓመት ኤድመንድ ዊልሰንም በበኩሉ በሌሎች ነፍሳት ላይ ሠርቶ ወደ ተመሳሳይ ውጤት ደርሷል። ሁለቱ እየተዋወቁ በየፊናቸው የሠሩ ናቸውና የአንዱ ክብር የሌላውን አይነካም። ዊልሰን ግን በመጀመሪያ ጊዜ አካባቢም የራሱ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም ብሎ ያመነታ ነበር። ክሮሞሶሞቹ ራሳቸው ይወስናሉ የሚለውን ቁርጥ ያለ አቋም አስቀድማ የያዘችው ኔቲ ናት። ትልቁ ክሮሞሶም ኤክስ፣ ትንሹ ዋይ የሚል ስም ያገኙት ከዚያ በኋላ ነው።

በዚሁ ዓመት በሴቶች ለሚሠራ የላቀ የሳይንስ ሥራ የሚሰጠውን የ1,000 ዶላር የኤለን ሪቻርድስ ሽልማት ተቀበለች። በ1906 ዓ.ም. በሌሎች ጥንዚዛዎች ላይ ያደረገችውን ምርመራ አከለች፤ ከዚያም ወደ ዝንቦች ተሻገረች። ጎን ለጎንም በብሪን ማር ማስተማሯን አልተወችም። ተማሪ ጥያቄ ሲያበዛባት እንደማትሰለች ይነገርላታል። ይህ ከዌስትፊልድ ይዛው የመጣችው ጠባይ መሆን አለበት ብለን እናምናለን።

ሻማው ቶሎ አለቀ

ኮሌጁ በመጨረሻ ለእሷ የሚሆን የተመራማሪ ፕሮፌሰርነት ሥልጣን አዘጋጀላት። ግን አልደረሰችበትም። በጡት ካንሰር ታማ ሜይ 4 ቀን 1912 ዓ.ም. በባልቲሞር ከተማ በሆስፒታል ውስጥ አረፈች። ገና 51 ዓመት አልሞላትም ነበር። ከዶክትሬቷ እስከ ሞቷ የነበራት ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ብቻ ሲሆን፣ በዚያች ጥቂት ጊዜ ከሠላሳ የሚበልጡ የምርምር ጽሑፎች አሳትማለች። አስተማሪዋ የነበረው ሞርጋን፣ በመጀመሪያ ክሮሞሶም የሚለውን ነገር ይጠራጠር የነበረው ሰው፣ በ1910 ዓ.ም. ነጭ ዓይን ባላት ዝንብ ላይ ባደረገው ጥናት ሐሳቡን ለውጦ የዘር ውርስን በክሮሞሶም ላይ አስቀመጠ። በ1933 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ኔቲ ከሞተች 21 ዓመት ሆኗት ነበር። ለብዙ ዘመንም በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የእሷ ስም ተዘልሎ የሌሎች ብቻ ይጠቀስ ነበር።

ከጥንዚዛ ወደ ሰው

እዚህ ላይ አንድ ጠንቃቃ አንባቢ እጁን ማውጣቱ አይቀርም። ጥንዚዛ ሌላ፣ ሰው ሌላ አይደለም እንዴ? ትክክል ነው። ለምሳሌ በዶሮ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሁለት ዓይነት ክሮሞሶም የምትይዘው ሴቷ ናት። በዝንብም ቢሆን ወንድነትን የሚሰጠው ዋይ ሳይሆን የኤክስ ቁጥር ነው። አጥቢ እንስሳት ለብቻቸው መመርመር ነበረባቸው፤ ይህም ኔቲ ካረፈች በኋላ ብዙ አሥርተ ዓመታት ፈጀ።

የሰው ሴል 46 ክሮሞሶም እንዳለው በትክክል የተቆጠረው በ1956 ዓ.ም. ነው። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ኤክስና አንድ ዋይ ያለው ሰው ወንድ፣ አንድ ኤክስ ብቻ ኖሯት ዋይ የሌላት ሰው ሴት እንደሆነች ታወቀ። እንግዲያው በሰውና በሌሎች አጥቢዎች ወንድነትን የሚጀምረው ዋይ ነው ማለት ነው። እናት ሁልጊዜ የምትሰጠው ኤክስ ነው፤ ሌላ የላትምና። አባት ግን ወይ ኤክስ ወይ ዋይ ይሰጣል።

ታዲያ ያ ትንሽ ክሮሞሶም በሽሉ ውስጥ ምን ይሠራል? በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ገደማ የሰው ሽል ወንድ ይሁን ሴት በአካሉ አይለይም። ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ መሄድ የሚችል የዘር ዕጢ አላቸው። ሁለቱም ሁለት ጥንድ ቱቦዎች አሏቸው፤ አንደኛው ጥንድ የወንድ የዘር መተላለፊያ ሊሆን የሚችል፣ ሌላው ማኅፀንና የእንቁላል ቱቦ ሊሆን የሚችል ነው። ሁላችንም በመስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመን ነበር ማለት ነው።

ከብት አርቢ የሆኑ ወላጆቻችን የሚያውቁት አንድ ነገር ነገሩን ያስረዳል። ላም መንታ ወልዳ አንዱ ወይፈን፣ አንዷ ጊደር ስትሆን ጊደሯ ብዙውን ጊዜ መካን ትሆናለች። ፍራንክ ሊሊ የተባለ ሊቅ በ1916 ዓ.ም. ምክንያቱን ሲመረምር የሁለቱ ጥጆች የደም ሥሮች በእናታቸው ሆድ ውስጥ ተገናኝተው አገኘ። ከወንዱ ጥጃ የሚመነጭ ነገር በደም ተሻግሮ የጊደሯን የዘር ዕጢ እንዳያድግ ያደርገዋል። ስለዚህ ክሮሞሶሙ ብቻ ሳይሆን ከዕጢ የሚወጣ መልእክተኛም አለ፤ እሱም ሆርሞን የምንለው ነው።

ይህን በማያሻማ መንገድ ያሳየው ፈረንሳዊው አልፍሬድ ዦስት ነው። በ1940ዎቹ በእናት ጥንቸል ማኅፀን ውስጥ ባሉ ፅንሶች ላይ እጅግ ረቂቅ ቀዶ ጥገና አድርጎ የዘር ዕጢያቸውን አወጣ። ዕጢያቸው የወጣባቸው ፅንሶች፣ ወንድ ሊሆኑ የነበሩት ሳይቀሩ፣ ሁሉም የሴት የውስጥ አካል ይዘው አደጉ። ከዚህም የወንድ ፅንስ ቆለጥ ሁለት ሥራ እንዳለው ተረዳ። አንደኛው ሆርሞን የወንዱን ቱቦ ያሳድጋል፤ ሁለተኛው የሴቷን ቱቦ ያከስማል።

ቆለጡን ራሱን ቆለጥ ሁን የሚለው ትእዛዝስ ከየት ይመጣል? ይህ የተገኘው በ1990 ዓ.ም. ነው። ለንደን ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በዋይ ክሮሞሶም ላይ ኤስ አር ዋይ የተባለ አንድ ጂን አገኙ። በዓመቱም ይህንኑ ጂን ሁለት ኤክስ ባላት የአይጥ ሽል ውስጥ ሲያስገቡት አይጧ ወንድ ሆና ተወለደች። ኤስ አር ዋይ የሚሠራው ለአጭር ጊዜ ነው። ሶክስ 9 የተባለ ሌላ ጂን ቀስቅሶ ዕጢው ወደ ቆለጥነት እንዲያመራ ያደርጋል፤ የቀረውን እነዚያ ሆርሞኖች ይጨርሱታል። ኤስ አር ዋይ ከሌለ ደግሞ ዕጢው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሌሎች ጂኖች ተነሥተው የእንቁላል ዕጢ እንዲሆን ያደርጉታል፣ የወንዱንም መንገድ ይዘጉታል። ስለዚህ ሴትነት የወንድነት ጉድለት አይደለም፤ የራሱ ጂኖች፣ የራሱ ሥራ ያለው መንገድ ነው። ይህን ቀድሞ የነበሩት መጻሕፍት አሳንሰው አይተውት ነበር።

ወደ ኦቶና እንመለስ

እንግዲህ በዚያ አግዳሚ ላይ ብንናገር ኖሮ ምን እንል ነበር? ከመካከላችን አንዱ ጓደኛችን በችኮላ ጥፋቱ የአባትየው ነው ብሎ መደምደም ቃጥቶት ነበር። ይኼም ስሕተት ነው። አባትየው ኤክስ ወይም ዋይ መርጦ አይሰጥም። በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ ሳንቲም እንደ መወርወር፣ ከሞላ ጎደል ግማሽ ለግማሽ ነው። ሳንቲሙ ደግሞ ያለፈውን አያስታውስም፤ ሦስት ሴት የወለደች እናት አራተኛውም ሴት የመሆን ዕድሉ ያው ግማሽ ነው። አራት ልጆች ያሏቸው 16 ቤተሰቦች ቢሰበሰቡ በአማካይ የአንዱ ቤት ልጆች ሁሉም ሴቶች፣ የአንዱም ሁሉም ወንዶች ይሆናሉ። ይህ እርግማን አይደለም፤ ቅጣትም አይደለም፤ የማንም ስንፍና አይደለም። ሒሳብ ነው።

ሌላም ነገር አለ። መንገዱ ብዙ እርምጃ ያለው ስለሆነ አልፎ አልፎ አንዱ እርምጃ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ፆታው በውጪ አካሉ በግልጽ የማይለይ ሕፃን ይወለዳል። እንዲህ ያለ ልጅ በሠፈር ሲሰማ ምን እንደሚባል እናውቃለን። ከዛሬ ጀምሮ ግን በጂንና በሆርሞን ሥራ የሚሆን ነገር እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ መምህሩ ልጁን ከመሳለቂያነት ሊጠብቅ፣ ወላጆቹንም ወደ ሐኪም ሊመራ ይገባል እንጂ ከሐሜተኛው ጋር ሊቆም አይገባም።

ውድ ዕጩ መምህራን፤ ነገ በየወረዳው፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ እስከ ኦሞ ወንዝ ዳር፣ ከዚያም አልፎ እንመደባለን። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ይገጥመናል። ግድ የለም፤ ይህን ትምህርት ለማስተማር ሠላሳ ዘጠኝ የባቄላ ፍሬና አንዲት ምስር ይበቃሉ። አሥራ ዘጠኝ ባቄላና አንዲት ምስር ለወንዱ፣ ሃያ ባቄላ ለሴቷ አድርገን በልጆቹ ፊት ለሁለት እናካፍል። ልጆቹ ራሳቸው ይቆጥሩና መልሱ ላይ ይደርሳሉ፤ ማታም እቤታቸው ሄደው ለአያት ይናገራሉ። የሰው ቁጥር 46 መሆኑን፣ የጥንዚዛውና የሰው አሠራርም አንድ አለመሆኑን መጨመር ግን አይረሳ።

ኔቲ ስቲቨንስ ከአንዲት ዱቄት በል ትል ተነሥታ የስንት ሺህ ዘመን ወቀሳ መሠረት እንደሌለው አሳየች። የእሷ ድርሻ መቁጠር ነበር፤ ቆጠረች፤ ጻፈች፤ ሳትጠግበው ሄደች። የእኛ ድርሻ መናገር ነው። እሷ ካሳተመች ከ100 ዓመት በላይ ሆኗል፤ ወሬው ግን እስከዚያች የማዋለጃ ደጃፍ ድረስ ገና አልደረሰም። ያን ቀን ልናደርሰው እንችል ነበር፤ አላደረስነውም። ዕዳችን እሱ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያችን እናት አፈላልገን፣ ተረፈ ካልን ቅቤ ጋር እንኳን ማርያም ማረችሽ ልንላት፣ ለባለቤቷና ለአያትየውም የባቄላውን ሒሳብ ልናሳይ ተስማምተናል። አብሮን መሄድ የሚፈልግ ከምሳ በኋላ በግቢው በር ላይ ይገኝ።